ገጽ ከፋፍዬም መዝገቡ ይንቀራፈፋል፣ ርክክብም ይደግማል፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ «የምጽፈው ከሱሉልታ ነው። ለአንድ የወተት አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር በጃንጎ (በፓይተን ድረ ገጽ መሥሪያ) የርክክብ መዝገብ ሠርቻለሁ። 600 ያህል አርሶ አደሮች ጠዋትና ማታ ወተት ያስረክባሉ፤ በአምስት ወር ውስጥ መዝገቡ 180,000 ረድፍ ደርሷል። መዝጋቢዎቹ የሚሠሩት በስልክ ነው። የዝርዝሩ ገጽ ለመከፈት ግማሽ ደቂቃ ሲፈጅ ዝርዝርን በገጽ የሚከፋፍለውን ፔጂኔተር ጨምሬ ሃምሳ ሃምሳ አድርጌ ከፈልሁት፤ ፍጥነቱ ግን እምብዛም አልተሻሻለም። ይባስ ብሎ አንዳንዱ ርክክብ ሁለት ገጽ ላይ ይታያል፣ አንዳንዱ ደግሞ የትም የለም። በስም ፈልጌ ሁለተኛውን ገጽ ስጫን ፍለጋው ይጠፋል። ጓደኛዬ ሰርቨሩን አሳድገው ይለኛል። እኔ ደግሞ መረጃውን በሙሉ በአንድ ጊዜ ወደ ስልኩ ልኬ እዚያው በጃቫስክሪፕት ልከፋፍለው አስቤአለሁ። የትኛው ይሻላል? ኮዱን አያይዣለሁ።»

ሁለቱም መፍትሔ አይደሉም። ሰርቨር ማሳደግ ገንዘብ ያስወጣዎታል እንጂ የተደገመውን ርክክብ አይቀንስም፣ የጠፋውንም አያመጣም። ሁሉንም ወደ ስልክ መላክ ደግሞ ሸክሙን ከሰርቨሩ አውርዶ በመዝጋቢዋ መዳፍ ላይ መጫን ነው። አንድ ረድፍ 150 ባይት ብቻ ቢይዝ እንኳ 180,000 ረድፍ 27 ሜጋባይት ይሆናል። ተጨምቆ ቢላክ በመንገድ ላይ ይቀልላል፤ ስልኩ ውስጥ ሲደርስ ግን ተመልሶ ይፈታል፣ ቦታም ይይዛል። ገጹ እንደገና በተከፈተ ቁጥርም ይህ ሁሉ ይደገማል። ኔትወርኩ በተቆራረጠበት ጠዋት መዝጋቢዋ የምታየው ባዶ ነጭ ገጽ ነው፤ ከፊቷ ደግሞ ወተት በጄሪካን የያዙ ሰዎች ተሰልፈዋል። ይህን ሐሳብ ይተዉት።

ኮድዎን አይቼዋለሁ። ብዙ ስሕተቶች ተደራርበውበታል። እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ቀላል ናቸው፤ አንድ ላይ ሲመጡ ግን አንዱ የሌላውን ምክንያት ስለሚሸፍን ሰው ሰርቨሩን መጠርጠር ይቀናዋል።

መጀመሪያ ፔጂኔተር በራሱ ፍጥነት ያመጣል ብለው ማሰብዎን ያርሙ። ፔጂኔተር የሰጡትን ነገር የሚቆርጥ ቢላዋ ነው፤ ምን እንደሚሰጡት የሚወስኑት እርስዎ ነዎት። በጃንጎ ኩዌሪሴት (ከዳታቤዙ የሚፈልጉትን የሚገልጽ ጥያቄ) ሲጽፉ ዳታቤዙ ገና አልተነካም። የሚነካው ረድፎቹ በእርግጥ ሲፈለጉ ነው። ኩዌሪሴቱን እንዳለ ለፔጂኔተር ቢሰጡት በሚልከው ትእዛዝ ላይ «ሊሚት» (ስንት ረድፍ ይምጣ) እና «ኦፍሴት» (ስንት ረድፍ ይዘለል) ጨምሮ ሃምሳዋን ረድፍ ብቻ ያስመጣል። እርስዎ ግን ከዚያ በፊት ባለው መስመር ላይ ሁሉንም ወደ «ሊስት» ቀይረውታል። ያኔ 180,000 ረድፍ ከዳታቤዙ ወጥቶ፣ እያንዳንዱ የፓይተን ዕቃ ሆኖ፣ ማኅደረ ትውስታ ውስጥ ተቀምጦ ካለቀ በኋላ ነው ፔጂኔተሩ ሃምሳውን የሚቆርጠው። አንድ ሊትር ለሚገዛ ሰው ታንከሩን በሙሉ ደጁ ድረስ አስመጥቶ ከዚያ በኋላ መቅዳት ማለት ነው። «ሊስት» የምትለዋን ቃል ያጥፏት፤ ከግማሽ ደቂቃው ትልቁ ድርሻ ከእርሷ ጋር ይሄዳል።

ሁለተኛው ጉዳይ ዓይን ላይ አይታይም። እያንዳንዱ ረድፍ የአርሶ አደሩን ስምና የመሰብሰቢያ ጣቢያውን ስም ያሳያል፤ ሁለቱም የሚመጡት ከሌላ ሰንጠረዥ ነው። ቴምፕሌቱ (የገጹ መልክ የተጻፈበት ፋይል) ስሙን በጠየቀ ቁጥር ጃንጎ ወደ ዳታቤዙ ይመለሳል። ለሃምሳ ረድፍ መቶ ተጨማሪ ምልልስ መሆኑ ነው፤ ጠቅላላውን ለመቁጠርና ገጹን ለማምጣት የሚሄዱት ሁለቱ ሲጨመሩ 102። ኩዌሪሴቱ ላይ «ሰሌክት ሪሌትድ» ብለው ሁለቱን ግንኙነቶች ቢጠሩለት 102ቱ ሁለት ይሆናሉ። በቃሌ ብቻ አይመኑ፤ ወደ ዳታቤዙ የሚደረገውን ምልልስ የሚቆጥረውን ጃንጎ ደበግ ቱልባርን ጫኑና ከማስተካከልዎ በፊትና በኋላ ቁጥሩን ይመልከቱ። ይህን መሣሪያ ሳይጭን ስለ ፍጥነት የሚከራከር ሰው ቴርሞሜትር ሳይዝ ስለ ትኩሳት እንደሚከራከር ነው።

ሦስተኛው ትንሽ ያሥቃል። በገጹ ግርጌ ከ1 እስከ መጨረሻው ያለውን የገጽ ቁጥር ሁሉ በዑደት አሳትመዋል። 180,000 ለሃምሳ ሲካፈል 3,600 ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ገጽ ሃምሳ ርክክብና 3,600 ሊንክ ተሸክሞ ይሄዳል። በስልክ ላይ የቁጥሩ ክምር ከዝርዝሩ ይረዝማል። ከ3.2 እትም ጀምሮ ፔጂኔተሩ ራሱ «ጌት ኢላይድድ ፔጅ ሬንጅ» የሚባል ዘዴ አለው፤ ያሉበትን ገጽ ዙሪያና ሁለቱን ጫፎች አሳይቶ መካከሉን በነጥብ ይተካዋል። ለስልክ ግን እኔ ይህንንም አላስቀምጥም፤ «ቀዳሚ»፣ «ቀጣይ» እና በመካከላቸው «ገጽ 3 ከ12» የሚል ጽሑፍ ይበቃል።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። የዘገየ ገጽ ሰውን ያናድዳል እንጂ አይዋሽም። ርክክብን ሁለት ጊዜ የሚያሳይና ሌላውን የሚደብቅ ገጽ ግን በሰው ገንዘብ ላይ ይዋሻል።

ብዙ ሰው ዳታቤዝን እንደ ደብተር ያስበዋል፤ በተጻፈበት ተራ የሚነበብ ይመስለዋል። ዳታቤዝ እንዲህ ያለ ግዴታ የለበትም። ተራውን ካልነገሩት እንደመጣለት ይሰጣል። እርስዎ በእርግጥ ነግረውታል፤ «በቀን ደርድር፣ አዲሱ ይቅደም» ብለዋል። ነገር ግን የቀን መስኩ ሰዓት የለውም። በአንድ ቀን 1,200 ርክክብ ይገባል፤ የ1,200ውም ቀን አንድ ነው። በእርስዎ ትእዛዝ ዓይን ሁሉም መንታ ናቸው፤ ማን ከማን እንደሚቀድም አልተባለም።

ቀጥሎ የሚሆነውን ልብ ይበሉ። ገጽ አንድና ገጽ ሁለት ለዳታቤዙ የማይተዋወቁ ሁለት ጥያቄዎች ናቸው፤ ሁለተኛው ሲመጣ መጀመሪያው ምን እንደተመለሰለት የሚያስታውስ የለም። ሰርቨሩ ላይ ያለው ዳታቤዝ፣ ፖስትግሬስ፣ ጥቂት ረድፍ ሲጠየቅ የሚፈለጉትን ብቻ እያበጠረ በአንድ ዘዴ ይደረድራል፤ ብዙ ረድፍ ዘልሎ እንዲሰጥ ሲጠየቅ ደግሞ ሁሉንም በሌላ ዘዴ ሊደረድር ይችላል። ሁለቱም ዘዴዎች የቀኑን ቅደም ተከተል ያከብራሉ። መንታዎቹን ግን በተለያየ ተራ ያወጧቸዋል። የአቶ ቶሎሳ የጠዋት ርክክብ በመጀመሪያው ጥያቄ 48ኛ፣ በሁለተኛው ደግሞ 73ኛ ሆነ እንበል፤ ሁለቱም ገጽ ላይ ታየ። የወይዘሮ አበበች በመጀመሪያው 60ኛ ሆና ገጽ አንድ ላይ አልደረሰችም፤ በሁለተኛው 20ኛ ሆነችና ገጽ ሁለት ሲጀመር ከኋላ ቀረች። የትም የለችም። መዝገቡ ውስጥ ግን ሁለቱም እያንዳንዳቸው አንድ ጊዜ ብቻ፣ በትክክል ተጽፈዋል።

መድኃኒቱ አንድ ቃል ነው። ከቀኑ ቀጥሎ የረድፉን መለያ ቁጥር በመደርደሪያው መጨረሻ ላይ ይጨምሩ፤ ለሁለቱም አዲሱ እንዲቀድም የመቀነስ ምልክቱን ከፊታቸው ያድርጉ። መለያ ቁጥር አይደገምምና መንታ የሚባል ነገር አይኖርም። ጃንጎ ስለዚህ ለምን አላስጠነቀቀኝም ብለው ይሆናል። የሚያስጠነቅቀው ምንም ቅደም ተከተል የሌለው ኩዌሪሴት ለፔጂኔተር ሲሰጥ ብቻ ነው። ቅደም ተከተል ኖሮ የማይበቃ ሲሆን ዝም ይላል። ላፕቶፕዎ ላይ ያላዩበትም ምክንያት አለው፤ እዚያ የሚሠሩት ኤስኪውላይት በሚባለው ሌላ ዳታቤዝ ነው፣ እርሱም ብዙውን ጊዜ መንታዎቹን በአንድ ዓይነት ተራ ስለሚመልሳቸው ስሕተቱ ተደብቆ ይኖራል። ሰርቨሩ ላይ የሚጠቀሙበትን ዳታቤዝ ላፕቶፕዎም ላይ ይጠቀሙ፤ የሙከራ ረድፉንም ከሃምሳ ወደ መቶ ሺዎች ያሳድጉት። ብዙ ረድፍ በአንድ ጊዜ በሚጽፈው «በልክ ክሪኤት» ጥቂት ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

መደጋገም ሌላም ምክንያት አለው፤ ከመጀመሪያው ለይተው እንዲያውቁት እፈልጋለሁ። ዝርዝሩ ከአዲሱ ይጀምራል። የሒሳብ ሠራተኛው ገጽ አንድን እያነበበ ሳለ ጣቢያው ላይ ሃያ ርክክብ ቢመዘገብ ሁሉም ነገር ሃያ ረድፍ ወደ ታች ይገፋል፤ ገጽ ሁለትን ሲከፍት መጀመሪያ ላይ ያሉት ሃያዎቹ አሁን ያነበባቸው ናቸው። ይህ ግን ወደፊት ለሚያነብ ሰው መደጋገምን እንጂ መጥፋትን አያመጣም። መጥፋት የሚመጣው ረድፍ ሲሰረዝ ወይም ቀኑ ሲታረም ነው። ስለዚህ መለየቱ ቀላል ነው፤ ማንም በማይመዘግብበት ሌሊት ገጾቹን ይክፈቱ። ያኔም የሚደግም ከሆነ ጥፋቱ የመንታዎቹ ነው። መለያ ቁጥሩን ጨምረውም በጠዋቱ ግርግር ብቻ የሚደግም ከሆነ ግን ይህ ግፊት ነው። ለእርሱ ደግሞ ገጽ አንድ ሲከፈት የነበረውን ትልቁን መለያ ቁጥር በሊንኩ ውስጥ ይያዙና ቀጣዮቹ ገጾች ከዚያ በላይ ያለውን እንዳያመጡ ያድርጉ። አንባቢው ንባቡን ሲጀምር የነበረውን መዝገብ ይዞ ይጨርሳል።

ፍለጋው የሚጠፋው «ቀጣይ» የሚለው ሊንክዎ የገጹን ቁጥር ብቻ ስለያዘ ነው። አሳሹ ሊንኩ ላይ የሌለውን አያስታውስም። የጃንጎ እትምዎ 5.1 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ «ኩዌሪስትሪንግ» የሚባለው የቴምፕሌት ምልክት ያለውን ሁሉ ጠብቆ ገጹን ብቻ ይቀይርልዎታል። ከዚያ በታች ከሆነ ቪው (ጥያቄውን የሚቀበለው ኮድ) ውስጥ በሊንኩ የመጣውን መለኪያ (ፓራሜትር) ሁሉ ይቅዱ፣ ከቅጂው ላይ ገጹን ያውጡ፣ የቀረውን ወደ ሊንክ አጻጻፍ ቀይረው ለቴምፕሌቱ ያስተላልፉ። ፊደላችን ሊንክ ውስጥ ሲገባ እንደሚረዝም ይወቁ፤ አንዱ ሆሄ በዩቲኤፍ-8 (በኮምፒውተር የሆሄ አጻጻፍ) ሦስት ባይት ስለሆነ ዘጠኝ ምልክት ሆኖ ይጻፋል፣ «ሳሙኤል» ብቻውን 36 ይሆናል። በቴሌግራም የተላከ ሊንክ እንዲያ ተንዛዝቶ ቢያዩት አልተበላሸም። የፍለጋ ቅጹ ግን በተቃራኒው የገጽ ቁጥር መያዝ የለበትም፤ ሰባተኛ ገጽ ላይ ሆኖ አዲስ ስም የፈለገ ሰው ከአንድ መጀመር አለበት።

ስም ካነሣን አይቀር፣ አልጠየቁኝም እንጂ በቅርቡ የሚገጥምዎትን ልንገርዎት። የአርሶ አደሮቹን ዝርዝር በስም ደርድረው ለ12 ገጽ ከፍለውታል። ለእያንዳንዱ ሆሄ ቁጥር የሚሰጠው የዩኒኮድ አቀማመጥ የሀሁን ተራ ስለሚከተል በሆሄ ቁጥር ሲደረደር በጥቅሉ ደህና ይወጣል። ግን አንድ ሰው «ሀይሉ» ተብሎ፣ ሌላው «ሃይሉ»፣ ሦስተኛው «ኃይሉ» ተብሎ ተመዝግቧል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ዝርዝሩ አናት ላይ ናቸው፤ «ኃይሉ» ግን ከ«ተስፋዬ» በኋላ፣ ከ«ነጋሽ» በፊት ነው የሚገኘው። መዝጋቢዋ ገጽ አንድ ላይ ታጣዋለች፤ አልተመዘገበም ብላ እንደገና ትመዘግበዋለች፤ አንድ ሰው ሁለት ሒሳብ ይኖረዋል። «ሥዩም» እና «ስዩም»፣ «ዓለሙ» እና «አለሙ»፣ «ፀጋዬ» እና «ጸጋዬ» እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ ከሚታየው ስም ጎን የማይታይ የመደርደሪያ ስም ያስቀምጡ። ሲመዘገብ «ሐ» እና «ኀ» ወደ «ሀ»፣ «ሠ» ወደ «ሰ»፣ «ዐ» ወደ «አ»፣ «ፀ» ወደ «ጸ» ይለወጡ፤ «ሀ» እና «ሃ»፣ «አ» እና «ኣ»ም አንድ ይሁኑ። የሚደረደረውም የሚፈለገውም በእርሱ ይሁን። የሚታየው ግን ባለቤቱ እንደሚጽፈው ይቆይ፤ የሰውን ስም ማረም የፕሮግራመር ሥራ አይደለም። በእርስዎ አካባቢ በቁቤ የተጻፈ ስምም አይጠፋም፤ እርሱ በሆሄ ቁጥር ሲደረደር ከፊደላችን ሁሉ ቀድሞ ይሰለፋልና አንዱ ሰው በሁለቱም አጻጻፍ ተመዝግቦ እንደሆነ ያጣሩ። እዚህም መንታ እንዳይረሱ። እኛ ዘንድ አበራ በአበራ ላይ ነው፤ የአባት ስም ተጨምሮም ሁለት «አበራ ደበላ» ማግኘት አያስቸግርም። መጨረሻው ላይ መለያ ቁጥሩ ይግባ።

«ኦፍሴት ቀርፋፋ ነው፣ በጭራሽ አትጠቀም» የሚል ምክር ሳያገኙ አይቀሩም። ግማሹ እውነት ነው። ዳታቤዝ «100,000 ዝለልና ሃምሳ ስጠኝ» ሲባል መዝለል አያውቅም፤ 100,000ውን አንብቦ ይጥልና ከዚያ በኋላ ሃምሳውን ይሰጣል። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ፈጣን ሆነው ወደ ኋላ በሄዱ ቁጥር የሚከብደው በዚህ ምክንያት ነው። አማራጩ ቁጥርን ትቶ ቦታን መያዝ ነው። ዳዊት የሚደግም ሰው ያቆመበት ላይ ክር ያደርጋል፤ በማግስቱ ገጽ ከመጀመሪያው አይቆጥርም፣ ክሩን ይዞ ይገልጣል። በዳታቤዝም እንዲሁ የመጨረሻውን ረድፍ ቀንና መለያ ቁጥር ይዘው «ከዚህ ቀን በፊት ያለውን፣ ወይም ቀኑ እኩል ሆኖ መለያ ቁጥሩ ከዚህ የሚያንሰውን ሃምሳ ስጠኝ» ይላሉ። በሁለቱ መስኮች ላይ ኢንዴክስ (ዳታቤዙ ፈጥኖ የሚያገኝበት ማውጫ) ካለ ገጽ ሁለትም ገጽ ሦስት ሺህም እኩል ይፈጥናሉ፤ ከላይ ያልሁት ግፊትም አይነካቸውም። ጃንጎ ራሱ ይህን አዘጋጅቶ አይሰጥም፤ የጃንጎ ተጨማሪ የሆነው ጃንጎ ሬስት ፍሬምወርክ ግን «ከርሰር ፔጂኔሽን» ብሎ አስቀምጦታል። ዋጋው ደግሞ ክር ገጽ ቁጥር የለውም፤ «57ኛው ገጽ ውሰደኝ» ማለት አይቻልም፣ «ከስንት ገጽ» የሚለውም ይቀራል። ወደ ኋላ ለመመለስ ተገላቢጦሽ ጥያቄ መጻፍ ያስፈልጋል፣ ባዶ ሊሆን በሚችል መስክ ላይም አይታመንም።

ለእርስዎ ይህን አልመክርም። አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎት፤ ከመዝጋቢዎቹ መካከል 2,000ኛውን ገጽ የሚከፍተው ማን ነው? ማንም የለም። አንዷ የዛሬን ጠዋት ትፈልጋለች፣ ሌላው የአንድን ሰው የወር ርክክብ ይፈልጋል፣ የሒሳብ ሠራተኛው ያለፈውን አሥራ አምስት ቀን። 3,600 ገጽ የሚለው ዝርዝር የተፈጠረው እርስዎ «ሁሉንም አሳይ» ብለው ስለጀመሩ ነው እንጂ የጠየቀ ሰው ስላለ አይደለም። ስለዚህ ገጹ ሲከፈት የዛሬውን ቀንና ክፍለ ቀኑን ብቻ ያሳይ፤ ጠዋት ከሆነ የጠዋቱን፣ ማታ ከሆነ የማታውን። 600 ረድፍ፣ በሃምሳ 12 ገጽ ነው። ጣቢያም ከተመረጠ ያንሳል። ሌላ ቀን የፈለገ ቀን ይምረጥ፤ ሰው የፈለገ ስም ይጻፍ። ለዚህ መጠን ተራው የጃንጎ ፔጂኔተር በቁጥርና በኦፍሴት ከበቂ በላይ ነው። ጠቅላላውን ለመቁጠር የሚሄደው ጥያቄም 600 ረድፍ ላይ ምንም አይደለም። እያንሸራተቱ ሳለ በራሱ የሚጨምር ማለቂያ የሌለው ዝርዝርም አያስፈልግዎትም። እርሱ ለሚዝናና ሰው እንጂ ለሚሠራ ሰው አይመችም፤ ኔትወርክ ተቋርጦ ገጹ ሲታደስ ወደ አናቱ ይመልስዎታል፣ በስልክም ለባልደረባ «ገጽ አራት፣ ሦስተኛው መስመር» ማለት አይቻልም።

ቀኑን በተመለከተ አንድ ነገር ያረጋግጡ። ኮዱ ውስጥ የቀን መስኩ ትክክለኛ የቀን ዓይነት ነው፤ ጥሩ ነው። ነገር ግን «የክፍያ ቀን» የሚለው መስክ ጽሑፍ ሆኖ በእኛ አቆጣጠር «5/13/2017» ተብሎ ይጻፋል። ጽሑፍ እንደ ጽሑፍ ይደረደራልና ያ የጳጉሜን ቀን ከ«12/3/2017» በኋላ የመጣው በዕድል ሳይሆን 5 የምትለው ሆሄ ከ1 ስለምትበልጥ ነው፤ «5/1/2017» ቢሆንም ኖሮ ያው ቦታ ይቀመጥ ነበር። ዳታቤዙ ውስጥ በጎርጎርዮሳውያን የቀን ዓይነት ያስቀምጡና ለሰው ሲታይ ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ይለውጡት።

ከሁሉ የሚያሰጋኝ የገጹ ግርጌ ላይ ያለው «ጠቅላላ ሊትር» ነው። ኮዱ የሚደምረው ገጹ ላይ ያሉትን ሃምሳ ረድፎች ነው። ሁሉም በአንድ ገጽ በነበረ ጊዜ ድምሩ ልክ ነበር፤ ገጽ በከፈሉ ቀን ትርጉሙ ተቀየረ፣ ስሙ ግን አልተቀየረም። ይህን የምለው ራሴ ስለተቃጠልሁበት ነው። ከዓመታት በፊት ቃሊቲ አካባቢ ላለ የእህል መጋዘን በሠራሁት ፕሮግራም ላይ ገጽ ከፈልሁና ድምሩን ረሳሁት። ሰኞ ጠዋት መጋዘን ጠባቂው ተጠርቶ «ጤፉ የት ገባ?» ተባለ። ሰውዬው ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ «ግቡና ቁጠሩ» አለ። ቆጠርን፤ አንድ ኩንታል አልጎደለም፤ የጎደለው የእኔ ድምር ነበር። ስለዚህ ድምሩ ከመቁረጥ በፊት ካለው ኩዌሪሴት በዳታቤዙ ራሱ ይሰላ፤ ከሥሩም የየትኛው ቀንና የየትኛው ጣቢያ እንደሆነ ይጻፍ። የወር ክፍያ ሲሰላም ገጽ የሚባል ነገር በመካከል እንዳይገባ። ለሒሳብ ሠራተኛው የሚወርደው ፋይል በ«ኢተሬተር» ጥቂት ጥቂት እያነበበ እስከ መጨረሻው ይጻፍ።

«ጌት ፔጅ» ላይም እንዲሁ ይጠንቀቁ። ይህ ዘዴ ለሰው ደግ ነው፤ በገጽ ቁጥር ምትክ ፊደል ቢጻፍ የመጀመሪያውን፣ ከመጨረሻው ያለፈ ቁጥር ቢጻፍ የመጨረሻውን ገጽ ያሳያል። ገጽ በገጽ መረጃ እየጎተተ ለሚወስድ ፕሮግራም ግን ወጥመድ ነው፤ ባዶ ገጽ እስኪያገኝ የሚጠብቅ ከሆነ የመጨረሻውን ገጽ እየደጋገመ ሲወስድ ያድራል። ለፕሮግራም «ፔጅ» የሚለውን ጥብቁን ዘዴ ይጠቀሙ፤ ከወሰን ሲያልፍ ስሕተት ይጥላል።

አሠራሩ በዚህ ቅደም ተከተል ይሁን። ዛሬውኑ «ሊስት»ን ያጥፉ፣ መለያ ቁጥሩን በመደርደሪያው ላይ ይጨምሩ፣ ድምሩን ያርሙ፤ ሦስቱም ከአሥር መስመር አይበልጡም። ነገ ሁለቱን ግንኙነቶች ያስገቡ፣ 3,600ውን ሊንክ ያንሱ፣ ፍለጋውን ያስተካክሉ። ከዚያ የቀንና የክፍለ ቀን ማጣሪያውን ይሥሩ። የመደርደሪያ ስሙ ሳምንት ቢፈጅም ግድ የለም፤ ያሉትን 600 ስሞች ግን ከአንድ የአካባቢውን ሰዎች ከሚያውቅ መዝጋቢ ጋር ተቀምጠው ይዩዋቸው፤ ሁለት ጊዜ የተመዘገበ ሰው ሳያገኙ አይቀሩም። ኢንዴክሱ በቀንና በመለያ ቁጥር ላይ በአንድነት ይሁን። ፖስትግሬስ ኢንዴክስ ሲሠራ በሰንጠረዡ ላይ መጻፍን ያግዳል። ለ180,000 ረድፍ እገዳው አጭር ነው፤ ቢሆንም ጠዋት ወረፋው ባለበት ሰዓት አያድርጉት። የጠዋቱ ወተት ተጭኖ ከሄደ በኋላ፣ የማታው ሳይመጣ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ ያስኪዱት፤ መብራት መኖሩንና የዳታቤዙ ቅጂ መያዙን አስቀድመው አይተው።